ዳገቱን ያስረዘመው ክኒን

በደሴ ሆጤ ሰፈር ሰው ሲሞት ወሬው ከቤተሰብ ቀጥሎ የሚደርሰው ለጋሼ አብዱልወሀብ ነው። ከሟች ቤት አንዱ ይመጣና በራቸውን ያንኳኳል፤ እሳቸውም "ኢና ሊላሂ" ብለው ፊታቸውን ይታጠቡና ጥሩምባቸውን ይዘው ይወጣሉ። የቅሬው ለፋፊ ናቸው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ደሴ ቅሬ ይለዋል፤ በእሳቸው ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚቀባበረው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንገዳቸው አንድ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ይጀምራሉ፣ በወፍጮ ቤቱ ያልፋሉ፣ ከዚያ ዳገቱን ይዘው ላይኛው ሰፈር ድረስ ይወጣሉ። ሁለት ጊዜ ይነፋሉ፣ የሟችን ስም ይጠራሉ፣ ቀብሩ የትና ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራሉ። ሟች ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ጊዜ የለም፤ ሌሊት ያረፈ ሰው ከቀትሩ የዙህር ሰላት በፊት አፈር ይለብሳል። ስለዚህ የለፋፊ ሥራው እግሩ ነው፤ ትንፋሹ ሁለተኛ ነው።

ሰውየው ቀልደኛ ናቸው። ሠርግ ቤት ሲገቡ እንኳ ሰው ደንገጥ ይላል፤ "ተረጋጉ፣ ለመብላት ነው የመጣሁት" ይላሉ።

ክኒኑ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ልጃቸው ሱሀይላ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ትሠራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ትወርዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። እናቷ መርየም ካረፈች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። አንድ ቀን አባቷ "ደረቴን ሸከክ ያደርገኛል" ሲሏት ይዛቸው ወረደችና አንድ ክሊኒክ አስመረመረቻቸው። ኮሌስትሮላቸው በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ማታ ማታ አንድ ፍሬ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላቸው። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፣ ያዘዘውም ትክክል ነበር፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅ። ጋሼ አብዱልወሀብም የታዘዙትን የሚያከብሩ ሰው ናቸውና ከኢሻ ሰላት በኋላ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ዋጡ። ኮሌስትሮሉም ወረደ።

ዓመት ተኩል ሲሞላ ግን ዳገቱ ረዘመ።

ቢያማቸው ኖሮ ይገባቸው ነበር። አያማቸውም። ጭናቸው ብቻ የሌላ ሰው ጭን ሆነ። ሚኒባስ ለመሳፈር እግራቸውን በእጃቸው ማንሳት ጀመሩ። መስጊድ በግንባራቸው ሰግደው ከሱጁድ ሲነሱ መጀመሪያ መዳፋቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፣ ከዚያ አንዱን ጉልበት፣ ከዚያ ሌላውን፤ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጎናቸው ያለው ሰው ፋቲሃውን አጋምሷል። ሽንት ቤት ተቀምጠው መነሳት ሲያቅታቸው የበሩ መቃን ላይ ገመድ አሰሩ። ሱሀይላ ገመዱን አይታ "ይሄ ምንድነው አባዬ?" ስትላቸው "ፎጣ መስቀያ ነው" አሏት።

ዕድሜ ነው አሉ ለራሳቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ እንዲህ እንደማይሆን ያውቃሉ፤ ግን ዕድሜ ነው አሉ። ዘዴም ፈጠሩ። ዳገቱ መሀል ባሕር ዛፎቹ ሥር ለጥ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ይቆሙና ጥሩምባውን ወደ ላይ አዙረው ይነፋሉ። የላይኛው ሰፈር ሰው ይሰማል፣ ያልሰማም ከጎረቤቱ ይሰማል። ሁለት ቀብር እንዲህ አለፈ፤ ማንም አላወቀም።

ሦስተኛው የቡዜ ነበር።

ቡዜ ያረፈችው በሐምሌ ነው። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤቱን ሁሉ ውጦታል። ጋሼ አብዱልወሀብ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመው ነፉ፤ ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ ነፉ። ላይኛው ሰፈር ቆርቆሮ ሥር ያለ ሰው ከዝናቡ በቀር ምንም አልሰማም። እትዬ አልጣሽም አልሰሙም። እትዬ አልጣሽና ቡዜ አርባ ዓመት አጥር ተጋርተው የኖሩ ናቸው፤ የአንዷን ልጅ ሌላይቱ አጥብታለች፤ አንዷ ለፋሲካ፣ አንዷ ለኢድ ስትዘጋጅ እጅ ለእጅ ነበሩ። ቡዜ ታች ልጇ ቤት ከወረደች በኋላም እትዬ አልጣሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ወርደው ሳይጠይቋት አይቀሩም ነበር። እትዬ አልጣሽ ሞቷን የሰሙት ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ይዘው ነው። ቡዜ አፈር ለብሳለች።

በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጋሼ አብዱልወሀብ ደጃፍ ቆሙ።

"ይግቡ እንጂ፣ እትዬ።"

"አልገባም። ጥሩምባህ ተሰብሯል እንዴ?"

"አልተሰበረም።"

"እኔስ ደንቁሬያለሁ?"

"ኧረ እርስዎስ።"

"ታዲያ?"

ጋሼ አብዱልወሀብ "ዝናቡ..." ብለው ጀመሩ። ጨርሰው ቢናገሩት ማንም አይፈርድባቸውም ነበር፤ ዝናቡ እውነት ነው። የሴትዮዋን ዓይን ሲያዩ ግን ሰበቡን ተዉት።

"አልወጣሁም" አሉ። "ከመሀል ነው የነፋሁት። እግሬ እምቢ አለኝ።"

"ጀናዛዋ ከደጅ ሲወጣ ቆሜ ልሸኛት አስቤ ነበር" አሉ እትዬ አልጣሽ። "እግር እምቢ ማለት ነውር አይደለም፣ አብዱ። እግሬ እምቢ አለኝ ብትል ሌላ ሰው ይወጣ ነበር። መሀል መንገድ ላይ ነፍቶ እንደ ደረሰ ሰው ቤት መግባት ግን ውሸት ነው።"

ይህን ብለው ሄዱ። ጋሼ አብዱልወሀብ በዚያው እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ እጃቸውን አውጥተው የሆነውን ሁሉ ራሳቸው ተናገሩ። ሰብሳቢው አቶ ኪዳኑ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የላይኛው ሰፈር ሰው፣ የጋሼ አብዱልወሀብ የልጅነት ጓደኛ።

"ጥሪው በስልክ ይሁንና ይረፍ" አለ አንዱ ከኋላ። "ቡድን ከፍቶ መላክ ነው። ስልክ ጉልበቱን አያመውም።"

ሰው ሳቀ። ጋሼ አብዱልወሀብም ፈገግ አሉ። "እትዬ አልጣሽ ስልክ የላቸውም" አሉ። "ላይ ካለው ሽማግሌ ግማሹ የለውም። ጊዜ ስጡኝ። ልታከም። እስከዚያ ወጣቶቹ በተራ ይንፉ።"

"እስከ መቼ?" አሉ አቶ ኪዳኑ።

"እስከ ሚያዝያው ጠቅላላ ስብሰባ።"

አቶ ኪዳኑ መነጽራቸውን አወለቁ። ጓደኛ ቢሆኑም ሰብሳቢ ናቸው። "ሚያዝያ ላይ ላይኛው ሰፈር በእግርህ ካልደረስክ ጥሩምባውን ታስረክባለህ። ይሄ ለቡዜ ነው፣ እንዳትቀየመኝ።"

"አልቀየምም።"

ሱሀይላ የዚያን ዕለት ማታ የገመዱን እውነት ሰማች። አልጮኸችም፤ የክኒኑን ካርቶን አምጥታ ውስጡ የተጣጠፈውን ወረቀት ዘረጋችው። ፊደሉ ደቃቃ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ናት። ጣቷን እያስኬደች ስታነብ 'ጡንቻ' የሚለው ቃል ላይ ቆመች፣ 'ድካም' የሚለውም አጠገቡ ነበር። በማግስቱ ይዛቸው ኮምቦልቻ ወረደች። ሐኪሙ ክኒኑን ከዚያች ቀን ጀምሮ አስቆመ፤ ደምም አስመረመረ። የጉበት የሚባሉት ሁለት ቁጥሮች ከፍ ብለው ወጡ። "ምናልባት ጉበትም ተነክቶ ይሆናል፤ ክኒኑ ከቆመ ይመለሳል፣ ካልተመለሰ ተመለሱ" አላቸው።

ወሬው ሰፈር ሲደርስ 'ምናልባት' የሚለው መንገድ ላይ ወደቀ። "ጉበት ነው፣ የወፍ በሽታ ነው" ተባለ። ክኒኑ ከቆመ ሁለት ወር ሞላ። ጭናቸው አልተመለሰም፤ እንዲያውም ድካሙ ወደ ትከሻ ወጣ። ኮፍያቸውን ለማድረግ አንገታቸውን ወደ እጃቸው ዝቅ ማድረግ ያዙ። ጥሩምባውን ቢያነሱት አፋቸው ጋ ሳይደርስ ክንዳቸው ይወርዳል። አንድ ጎረቤታቸው "ክኒኑን ብታቆምም አልተሻለህ፤ ሐርቡ ሂድ፣ ሐጂ ሀፊዝ የወፍ በሽታ በሦስት ቀን ነው የሚያወጣው" ሲል መስከረም ላይ ሄዱ። ሱሀይላ አልወደደችውም፤ ብቻቸውን ግን አልለቀቀቻቸውም።

የሐርቡ ሙቀት ሹራባቸውን አስወለቃቸው። ሐጂ ሀፊዝ ሰማንያ ያለፋቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። የጋሼ አብዱልወሀብን የዓይን ቆብ ገልብጠው አዩ፣ መዳፋቸውን አዩ፣ ጥፍራቸውን አዩ።

"ሽንትህ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው ሐጂ።"

"ምግብ?"

"እበላለሁ።"

"ከዚያ መደብ ላይ እስቲ ተነስ። እጅህን ሳታስደግፍ።"

ሞከሩ። ወደ ፊት አጎነበሱ፣ ተወዛወዙ፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

ሐጂ ሀፊዝ የቅጠሉን ጎድጓዳ ሳህን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። "ስልሳ ዓመት ይህን ቅጠል ሳጠጣ ኖሬያለሁ። ዓይንህ ነጭ ነው፤ የወፍ በሽታ የለብህም። የታመመው ሥጋህ ነው። ወላሂ የኔ ቅጠል ለዚህ አይሆንም፤ ብሰጥህ እበድልሃለሁ። ደሴ ትልቁ ሆስፒታል ግባ።" ወደ ሱሀይላም ዞሩ። "አንቺ፣ ዛሬ ነገ አትበይ።"

ሱሀይላ ሽማግሌውን እጃቸውን ስማ ወጣች። ወደ ሐርቡ ስትመጣ ልትነግራቸው ያዘጋጀችው ብዙ ክፉ ቃል ነበራት፤ አንዱም አልተነገረ።

ሆስፒታል ያገኘቻቸው ሐኪም ዶክተር ሰላም የምትባል ወጣት ናት። እሷም እንደ ሐጂ ሀፊዝ መጀመሪያ ያለቻቸው "ሳይደገፉ ይነሱልኝ" ነበር። የኮምቦልቻውን ወረቀት አይታ "እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የጉበት ብቻ አይደሉም" አለች። "ጡንቻም ሲፈርስ እነሱው ከፍ ይላሉ። የጡንቻውን ለብቻው እንለካዋለን።" ተለካ። ከሁለት መቶ ምናምን መብለጥ ያልነበረበት ቁጥር ዘጠኝ ሺህ ሆኖ ወጣ። ሌላ ደም ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ፤ ውጤቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ሰላም ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። "አባባ፣ የሰው ሰውነት የራሱ ዘበኛ አለው። ተሐዋሲ ሲገባ የሚይዘው እሱ ነው። ያ ክኒን እርስዎ ውስጥ ሲገባ ዘበኛው ተሳሳተ፤ የራስዎን ጡንቻ እንደ ሌባ ቆጠረው። ክኒኑ ከወጣ በኋላም ስህተቱን አልተወም፣ አሁንም ይደበድባል። ካቆሙት በኋላ የባሰብዎ ለዚህ ነው።"

"ሰው ሁሉ ላይ እንዲህ ያደርጋል?"

"የለም። ይህ በመቶ ሺህ ሰው መሀል የሚገጥመው ለሁለት ለሦስት ነው።"

"እኔ ላይ ወደቀ በይኛ።" አሉ ጋሼ አብዱልወሀብ። "እስከ ሚያዝያ ዳገት ያስወጣኛል?"

"ቃል አልገባልዎትም። አብዛኛው ሰው ግን ይሻለዋል፣ ከታከመና ከታገሠ። ዘበኛውን የሚያረጋጋ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ። አንዱ በየቀኑ ነው። አንዱ ግን በሳምንት አንዴ ብቻ፤ ይሄን በየቀኑ ከዋጡት ይገድላል። ደምዎን በየወሩ አያለሁ። ያን የኮሌስትሮል ክኒንና ወንድሞቹን ደግሞ ዕድሜ ልክዎን አይነኩም፤ በካርድዎ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ።"

ሱሀይላ የሳምንቱን መድኃኒት በተለየ ብልቃጥ አድርጋ 'ሰኞ' ብላ ጻፈችበትና ከራሷ ሳጥን ቆለፈችበት። አባቷ መድኃኒት አያጓድሉም፤ የፈራችው እንዳይጨምሩ ነው።

በየቀኑ የሚዋጠው ፊታቸውን አሳበጠው። መንገድ ላይ ሰው "ማሻአላህ፣ ወፈርክ፣ ተመቸህ" ይላቸዋል፤ "አዎ፣ ሠርግ በዛ" ይላሉ። ስኳራቸው ከፍ አለ፣ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ለመዱ። ዶክተር ሰላም "ጡንቻ ካልተጠራ አይመጣም፣ ግን አይገረፍም" ስላለቻቸው አንድ ነገር አሰቡ። ወንበራቸውን በአራቱም እግሩ ሥር ሁለት ሁለት ጡብ አድርገው ከፍ አደረጉት። ከዚያ ላይ እጅ ሳያስደግፉ መነሳት ይቻላል። በቀን አሥር ጊዜ ተነሱ፣ አሥር ጊዜ ተቀመጡ። በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ አንድ ጡብ አወጡ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ተነሱ፤ በሦስተኛው ሳምንት አሥር። የጡንቻው ቁጥር ከዘጠኝ ሺህ ወደ ሦስት ሺህ፣ ከዚያ ወደ ስምንት መቶ ወረደ። በጥር መጨረሻ ወንበሩ መሬት ረገጠ።

እትዬ አልጣሽ ሊጠይቋቸው የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ይህ ከቡዜ ሞት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ጋሼ አብዱልወሀብ ተነስተው ተቀበሏቸው፤ እትዬ አልጣሽ መነሳታቸውን አይተው ተቀመጡ።

"ተመስገን" አሉ። "እግዜር ከዚያ መርዝ አወጣህ። እኔም የኔን ጣልኩት።"

"ምኑን?"

"ክኒኑን ነዋ። የኮሌስትሮሉን። ላይኛው ሰፈር የሚውጥ ሁሉ ጥሎታል። ኪዳኑ እንኳ፣ ያ ልቡን ታሞ የነበረው፣ ሽንት ቤት ጨመርኩት ብሏል።"

ጋሼ አብዱልወሀብ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ማን ጣሉ አላችሁ?"

"አንተን አይተን ነዋ።"

በቀጠሯቸው ቀን ለዶክተር ሰላም ነገሯት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ስንት ሰው?"

"ሰባት ስምንት ቤት ይሆናል።"

"አባባ፣ ለእርስዎ የተከለከለው ለእርስዎ ነው። ልቡን ለታመመ ሰው ያ ክኒን ሕይወት ነው። ጭኑ የደከመው ወይም ሽንቱ የጠቆረ ይምጣ፣ አየዋለሁ። ደህና የሆነው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ ማቆም የለበትም። ይህን ማን ይነግራቸዋል?"

"ለፋፊማ አለ" አሉ ጋሼ አብዱልወሀብ።

ሱሀይላ "በስልክ ንገራቸው፣ እኔም ቅዳሜ እዞርላቸዋለሁ" ብላ ለመነቻቸው።

"ክኒኑን የጣሉት እኔን አይተው ነው" አሏት። "የሚመልሱትም እኔን አይተው ነው። ደግሞስ አሁን ካልሞከርኩት ሚያዝያ ላይ በምን አፌ ነው የምናገረው?"

የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ምርኩዝ ብቻ ይዘው ወጡ። ጥሩምባውን ሰው እንዳይደነግጥ ቤት ተዉት። ግን አልጠቀመም። የመጀመሪያዋ ሴት ገና ስታያቸው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም። እንዳትሞቱ ነው የመጣሁት" አሉና የዶክተሯን ቃል ነገሯት።

ከወፍጮ ቤቱ እስከ ባሕር ዛፎቹ ሁለት ጊዜ ዐረፉ። ባሕር ዛፎቹ ሥር ሲደርሱ ጭናቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ለመቀመጥ አልደፈሩም፤ መሬት ከተቀመጡ የሚያነሳቸው ሰው የለም። ግንዱን ተደግፈው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። ከላይ የሚወርድ ሰው "ልያዝዎት ጋሼ አብዱ?" አላቸው። "መንገድህን ሂድ" አሉት። እስከዚያች ቦታ ስንት ጊዜ መጥተዋል፤ ከዚያች ቦታ ወደ ላይ ግን ዓመት ሊሆናቸው ነው። አሥር እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ አሥር ሄደው ይቆማሉ። በአሥረኛው ላይ ሲደክማቸው ስምንት አደረጉት።

አቶ ኪዳኑ አጥር ሲጠግኑ ነበር። ከታች ሲመጡ ያዩአቸው ቢሆንም ሊቀበሏቸው አልወረዱም፤ መዶሻቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ።

"የማንን ሞት ይዘህ መጣህ?"

"አንተን ልጠይቅ። ክኒንህን ጥለሃል አሉ።"

"ጥያለሁ። አንተን የበላህን ነገር እኔ ልዋጥ?"

"አራት ዓመት አልዋጥከውም? በላህ?"

"አንተንም መጀመሪያ አልበላህም ነበር።"

"የኔ ደም ተጣላው። ያንተ አልተጣላውም። ፈርቼ ነው ካልክ ሂድና ጡንቻዬን ለኩልኝ በላቸው፤ ቁጥር አለው።" ጋሼ አብዱልወሀብ በምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ትንፋሽ ወሰዱ። "ስማ ኪዳኑ። ልብህ ቢቆም ስምህን የምጠራው እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንቱን ጠርቻለሁ። ያንተን ግን በአንዲት ክኒን ምክንያት፣ ያውም እኔን አይተህ በጣልካት፣ አልጠራም።"

አቶ ኪዳኑ መዶሻውን አጥሩ ላይ ሰቀሉት። ቤት ገብተው በርጩማ ይዘው ወጡ።

"ከዚህ ላይ አልነሳም፣ አጭር ነው። ከፍ ያለ አምጣ።"

ተመልሰው የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር አመጡ። ጋሼ አብዱልወሀብ ተቀመጡ። ሁለቱም ታች ያለውን የከተማውን ቆርቆሮ ሲያዩ ቆዩ።

"ዶክተሯ ትቆጣለች?" አሉ አቶ ኪዳኑ።

"ትቆጣለች።"

"ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ?"

"እሄዳለሁ። ግን ቀስ ብለን ነው። መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል።"

"ሚያዝያ እየደረሰ ነው እኮ አብዱ። ቅሬው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?"

ጋሼ አብዱልወሀብ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ቀስ ብለው ከወንበሩ ተነሱ።

"እዚህ መድረሴን ንገራቸው" አሉ። "አሁን ልሂድ፤ ከአንተ በላይ ገና ሦስት ቤት አለኝ።"